የሕሙማን ምስጢርና የሩቅ ቁልፍ፤ የሊኑክስ ሰርቨርን የአስተዳዳሪ መግቢያ ስለ መጠበቅ

የሕክምና ካርድ በወረቀት ብቻ በነበረበት ዘመን የሕሙማን ምስጢር ጥበቃ በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። የካርድ ክፍሉ በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም በአንድ በሚታወቅ ሠራተኛ ኪስ ይውላል። የሌላውን ሰው ካርድ ለማየት የፈለገ ሁሉ ቢያንስ በዚያ በር ማለፍና በዚያ ሠራተኛ ፊት መቆም ነበረበት። አሥር ሺህ ካርድ ለመስረቅ ያሰበ ሌባ ደግሞ የጭነት መኪና ያስፈልገው ነበር። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ግን ያው አሥር ሺህ ካርድ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ዕቃ ላይ ይሰፍራል፤ ሰራቂውም ወደ ከተማው መምጣት ቀርቶ ከተማው የት እንዳለ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ጉዳዩን በአንድ ሥፍራ ላይ አድርጎ ለማየት ጫግኒን መውሰድ ይቻላል። ጫግኒ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን በግጭት የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ራንች በሚባለው ሥፍራ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለውን ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ተቋም የሚይዘው መዝገብ ከደም ግፊትና ከወባ ምርመራ ውጤት ያለፈ ነው። ማን ከየት ተፈናቅሎ እንደመጣ፣ ማን የአካል ወይም የጾታ ጥቃት እንደ ደረሰባት፣ ማን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የትኛዋ ወጣት ስለ እርግዝናዋ ቤተሰቧ ሳያውቅ እንደ ተማከረች በዚያ ይጻፋል። እነዚህ ምስጢሮች አንድ ጊዜ ከወጡ ተመልሰው አይሰበሰቡም። የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል፤ የወጣ ምስጢር ግን መድኃኒት የለውም።

በጫግኒ ወይም በመሰል ከተማ ባለ ጤና ተቋም ውስጥ የሕሙማን መዝገብ የሚይዝ ሰርቨር ቢተከል፣ ችግር በገጠመው ቁጥር ባለሙያ ከእንጅባራ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በአካል መጥቶ እንዲያስተካክለው መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያው ባለበት ሆኖ በመስመር የሚገባበት መንገድ ይበጃል። ይህ መንገድ ለባለሙያው የተከፈተውን ያህል ለሌላም ሊከፈት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መንገድ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ኮምፒውተር ሙያው ላልሆነ ሐኪም በሚገባ መልክ ማስረዳት ነው።

ሰርቨር፣ ሊኑክስና ‹‹ሩት››

ሰርቨር ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚፈልጉትን መረጃ ይዞ ጥያቄያቸውን የሚመልስ ኮምፒውተር ነው። በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪና በፋርማሲ ያሉት ኮምፒውተሮች አንዱን ታካሚ የሚያውቁት ሰርቨሩን እየጠየቁ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሰርቨሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ሲሆን፣ ይህም ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ኤም አር ኤስ የተባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ የሚተከሉት በሊኑክስ ላይ ነው። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አደጋ የላቸውም። የመጀመሪያው በአመዛኙ የተጠቃለለ ቁጥር ሲይዝ፣ ሁለተኛው የግለሰቡን ታሪክ ከነስሙ ይይዛል።

በሊኑክስ ውስጥ ‹‹ሩት›› የሚባል አንድ መለያ አለ። ቃሉ ሥር ማለት ሲሆን ስሙ ለግብሩ ይስማማል። ሩት ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይለውጣል፣ ሁሉን ይሰርዛል፤ የሠራውን የሚመዘግበውን ደብተር ሳይቀር ሊያጠፋ ይችላል። በሶፍትዌሩ ላይ ነርሷ ይህን ብቻ ታይ፣ ሐኪሙ ያን ብቻ ይጻፍ ተብሎ የተሠራው አጥር ሩትን አይመለከተውም። በሩት ስም የገባ ሰው የካርድ ክፍሉ በር ሳይሆን ሕንፃው በሞላ በእጁ ነው።

ከሩቅ ለመግባት በአብዛኛው የሚያገለግለው ኤስ ኤስ ኤች የተባለው ዘዴ ነው። ከእርሱ በፊት ባሉት እንደ ቴልኔት ባሉ ዘዴዎች የይለፍ ቃል በመስመሩ ላይ ሳይሸፈን፣ እንደ ፖስት ካርድ ጽሑፍ እየተነበበ ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት በዚህ መንገድ ከተሰረቁ በኋላ፣ ታቱ ዩሎነን የተባለ የዚያው ተቋም ተመራማሪ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በምስጢር ኮድ የሚሸፍን አዲስ ዘዴ ሠራ። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የተባለው ሥሪት ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ በኦፕን ቢ ኤስ ዲ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ኤስ ኤስ ኤች መንገዱን ይሸፍናል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ መለየት ግን በአብዛኛው የተከለው ሰው ጥንቃቄ ነው።

በፊንላንድ የደረሰው

ሊኑክስንም ኤስ ኤስ ኤችንም ለዓለም ያበረከተችው ፊንላንድ፣ የሕሙማን ምስጢር በሩቅ እጅ ሲዘረፍ ምን እንደሚሆን ያሳየችም አገር ሆናለች። ቫስታሞ በዚያ አገር በብዙ ከተሞች የሥነ ልቦና ሕክምና ይሰጥ የነበረ የግል ድርጅት ነበር። የሕሙማኑ ታሪክ የተከማቸበት የመረጃ ቋት ከኅዳር 2017 እስከ መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ያለ ፋየርዎል ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ መቆየቱንና የቋቱ የሩት መለያም የይለፍ ቃል እንዳልነበረው የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በኋላ አረጋግጧል። ካርድ ክፍሉ ክፍቱን፣ ያውም አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አድሯል ማለት ነው።

በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ነገሩ ይፋ ወጣ። ዘራፊው በመጀመሪያ ድርጅቱን 40 ቢትኮይን ጠየቀ፤ እምቢ ሲባልም የታካሚዎችን ማስታወሻ በየቀኑ እየቆነጠረ ያወጣ ጀመር። ቀጥሎ ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ለሐኪማቸው ብቻ የተናገሩትን ለዓለም እንዳያሳይ እያንዳንዳቸው 200 ዩሮ እንዲከፍሉ ጻፈላቸው። የተነካው ሰው ቁጥር 33 ሺህ ያህል ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ድርጅቱ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ከሰረ። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አንድ ተከሳሽ ላይ የ6 ዓመት ከ3 ወር እስራት ፈርዶበታል፤ እርሱም ይግባኝ ብሏል። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን የወጡት ማስታወሻዎች ዛሬም በኢንተርኔት ጓዳዎች ውስጥ ይዘዋወራሉ።

ከዚህ ታሪክ ለሐኪም ጎልቶ መታየት ያለበት ዝርፊያው ረቂቅ ጥበብ አለመጠየቁ ነው። ክፍት በሮችን እየቆጠሩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች የኢንተርኔትን አድራሻዎች ሌት ተቀን ያንኳኳሉ። የኤስ ኤስ ኤች መደበኛ በር ቁጥር 22 ነው፤ ይህን በር ለኢንተርኔት የከፈተ ሰርቨር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ‹‹ሩት›› በሚለው ስምና በተለመዱ የይለፍ ቃላት መሞከር ይጀምራል። አንኳኪው ጫግኒን ከኒውዮርክ አይለይም፤ ‹‹እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ይፈልገናል?›› የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ጓጉንቸርና ቁልፍ

የመጀመሪያው እርምጃ በይለፍ ቃል መግባትን ፈጽሞ መተው ነው። የይለፍ ቃል ይገመታል፣ ይሰረቃል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ በወረቀት ተጽፎ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። በምትኩ የሚያገለግለው የቁልፍ ጥንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንደ ጓጉንቸር ይታሰባል፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም፣ በሰርቨሩ ላይም የሚቀመጠው እርሱ ነው። ሌላው ያን ጓጉንቸር ብቻ የሚከፍተው የግል ቁልፍ ሲሆን፣ ከባለሙያው ኮምፒውተር ፈጽሞ መውጣት የለበትም። ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ቁልፉን አምጣ አይለውም፤ በቁልፉ ብቻ ሊፈረም የሚችል ነገር አቅርቦ ፊርማውን ይመረምራል። ስለሆነም በመንገድ ላይ የሚሰረቅ ነገር አይኖርም። ዛሬ ለዚህ የሚመረጠው ኢዲ 25519 የተባለው የቁልፍ ዓይነት ነው።

የግል ቁልፉ ያለበት ላፕቶፕ በአውቶቡስ ውስጥ ቢጠፋስ? ለዚህ ሲባል ቁልፉ ራሱ በሐረግ ይቆለፋል። ሐረጉ አራት ወይም አምስት ዝምድና የሌላቸው ቃላት ያሉት ቢሆን ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ግን ከባድ ይሆናል። ሐረግ የሌለው የግል ቁልፍ በር ላይ እንደ ተሰካ ቁልፍ ነው፤ ያነሣው ሁሉ ይገባበታል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ማረጋገጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባለሙያው ወደ አንድ ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ኤስ ኤስ ኤች የሰርቨሩን አሻራ አሳይቶ ‹‹ይህን ታምናለህ?›› ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ‹‹አዎ›› ይላል። ደም ከመስጠት በፊት በከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከታካሚው ጋር የማያመሳክር ሐኪም የለም፤ ይህም ያው ነው። ሰርቨሩ በተተከለበት ቀን አሻራው በወረቀት ታትሞ ለባለሙያው ቢሰጥ፣ በመካከል ገብቶ ሰርቨሩን የሚመስል አታላይ በቀላሉ ይታወቃል።

በየራሱ ስም መግባት

ሁለተኛው እርምጃ ሩት ከሩቅ እንዳይገባ መከልከል ነው። ይህ የሚደረገው በኤስ ኤስ ኤች የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ‹‹ፐርሚት ሩት ሎጊን›› የሚለውን መስመር ‹‹ኖ›› በማድረግ ነው፤ ‹‹ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን›› የሚለውም እንደዚሁ። በአዳዲስ የኡቡንቱ ሥሪቶች ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከዋናው ፋይል ሌላ በአጠገቡ ባለ ማኅደር የተቀመጡ ትናንሽ ፋይሎች ቀድመው ይነበባሉ፤ ቀድሞ የተነበበውም ይጸናል። ዋናው ፋይል ላይ ‹‹ኖ›› የጻፈ ሰው በትንሹ ፋይል ላይ ‹‹የስ›› ተጽፎ ሳያይ በሩ ክፍት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ‹‹ኤስ ኤስ ኤች ዲ›› ለሚለው ትእዛዝ ትልቁን ‹‹ቲ›› ጨምሮ በተግባር የጸናውን ማየት ይገባል። ማዘዣ መጻፍና ታካሚው መድኃኒቱን መውሰዱን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ሁሉ።

ሩት ከተከለከለ እያንዳንዱ ባለሙያ በየራሱ ስም ይገባል፤ የአስተዳዳሪ ሥራ ሲኖረውም ‹‹ሱዶ›› በተባለው ትእዛዝ ለዚያ ሥራ ብቻ ሥልጣኑን ይወስዳል። ጥቅሙ በመዝገብ ላይ ይታያል። ሦስት ሰዎች በአንድ የሩት ቃል ሲገቡ መዝገቡ የሚለው ‹‹ሩት ሠራው›› ብቻ ነው። በየስማቸው ሲገቡ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ይታወቃል። በታካሚ ካርድ ላይ ያለ ፊርማ ትእዛዝ የማይጽፍ ሙያ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ደብተሩ ሊታመን የሚችለው ግን ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒውተርም ከተላከ ብቻ ነው፤ ያለበለዚያ የገባው ሌባ በመጀመሪያ የሚያጠፋው እርሱን ነው።

ስም ሲኖር ስምን መሰረዝም ይቻላል። የሶፍትዌር ተከላ ብዙውን ጊዜ በፕሮጀክት ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ጓጉንቸሩ ግን በሰርቨሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። በየሦስት ወሩ የተፈቀዱትን ቁልፎች ዝርዝር ከፍቶ ‹‹ይህ የማን ነው? ዛሬም ያስፈልገዋል?›› ብሎ መጠየቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በሩን ማጥበብ

ቁልፉ ጠንካራ ቢሆንም በሩ ለዓለም ሁሉ መታየት የለበትም። የተሻለው መንገድ የኤስ ኤስ ኤች በር ከኢንተርኔት ተሰውሮ፣ በመጀመሪያ እንደ ዋየርጋርድ ባለ የግል መሿለኪያ ለገባ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ ባይቻል ፋየርዎሉ ከታወቁ አድራሻዎች በስተቀር ሌላውን ይመልስ፤ ደጋግሞ የተሳሳተን አንኳኪ ለጊዜው የሚያግድ ፌይል ቱ ባን የተባለ ፕሮግራምም ይረዳል። የበሩን ቁጥር ከ22 ወደ ሌላ መለወጥ የሚያንኳኩትን ቁጥር ይቀንሳል፤ ጫጫታ ያበርዳል እንጂ መከላከያ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከዚህ በላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ በየ30 ሴኮንዱ የሚለወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ከሞባይል ላይ መጠየቅ ይቻላል። የእርሱ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ ታይቷል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ቼንጅ ሄልዝኬር በተባለው የሕክምና ክፍያ አስተላላፊ ድርጅት ላይ የደረሰው ጥቃት የጀመረው በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ባልነበረው አንድ የርቀት መግቢያ ነው። ባለቤት የሆነው ኩባንያ 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ መክፈሉን አምኗል፤ መረጃቸው የተነካባቸው ሰዎች ወደ 190 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ተለዋዋጩ ቁጥር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሞባይሉና የሰርቨሩ ሰዓት መስማማት ነው። መብራት በሚመላለስበት ቦታ የሰርቨሩ ሰዓት ሊዛነፍ ስለሚችል ይህን ሳያረጋግጡ ዘዴውን መትከል ሕጋዊውን ባለሙያ ራሱን በር ላይ ያስቀረዋል።

ግማሽ ሴኮንድ

ማደስ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ራሱም ሆነ በዙሪያው ያሉት ሶፍትዌሮች ሊታመሙ ይችላሉና። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በሙከራ ላይ በነበረ ኮምፒውተሩ በኤስ ኤስ ኤች መግባት ከተለመደው ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየ አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እርሱ ግን ምልክቱን ተከትሎ ሲመረምር ኤክስ ዜድ በተባለ የመረጃ ማመቂያ ሶፍትዌር፣ በ5.6.0ና 5.6.1 ሥሪቶች ውስጥ፣ ልዩ ቁልፍ ለያዘ ሰው በኤስ ኤስ ኤች በኩል የሚከፍት የጓሮ በር ሆን ተብሎ ተቀብሮ አገኘ። ያ ሥሪት በብዛት ወደ ሥራ ሰርቨሮች ከመሰራጨቱ በፊት ተደረሰበት። በሽታን በትንሽ ምልክት መጠርጠር የሐኪም ብቻ ጥበብ አለመሆኑን የሚያሳይ ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በኦፕን ኤስ ኤስ ኤች በራሱ ሌላ ከባድ ድክመት ተገልጾ መጠገኛው ወዲያው ወጥቷል። የደኅንነት ጥገናዎች በራሳቸው እንዲገቡ ማድረግ፣ መስመር በቀጠነበት ቦታም ቢያንስ የተወሰነ የሳምንት ቀን መመደብ ያስፈልጋል።

ራስን ከውጭ መቆለፍ

ከላይ የተባለውን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከሩቅ ሆኖ፣ በችኮላ ያደረገ ሰው ራሱን ከውጭ ሊቆልፍ ይችላል። የማስተካከያ ፋይሉ ሲለወጥ የተከፈተው ግንኙነት ሳይዘጋ፣ በሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ተሞክሮ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የመጀመሪያው ይዘጋል።

መስመሩ ራሱ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሩቅ ያለው አስተዳዳሪ የለም ማለት ነው፤ ሕሙማን ግን ይመጣሉ። ስለሆነም በሰርቨሩ ፊት ቆሞ በቀጥታ ለመግባት የሚያስችለው የይለፍ ቃል በታሸገና በተፈረመበት ፖስታ ውስጥ፣ አደንዛዥ መድኃኒቶች በሚቆለፉበት ዓይነት ሣጥን መቀመጥ አለበት። ፖስታው የተከፈተበት ቀንና ምክንያት ይመዘገባል፤ ቃሉም ከዚያ በኋላ ይለወጣል። ይህ በከተማው ካለ አንድ ሠራተኛ መሠረታዊ ሥልጠና ጋር ካልተጣመረ ፖስታው ብቻውን አይረዳም።

የሐኪሙ ድርሻ

የጤና ተቋም ኃላፊ የሆነ ሐኪም እነዚህን ትእዛዞች በእጁ እንዲጽፍ የሚጠብቅ የለም። መልሳቸውን መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። በሩት ስም ከሩቅ መግባት ይቻላል ወይ? በስንት ሰው እጅ ቁልፍ አለ፣ ስማቸውስ? የመጠባበቂያው ቅጂ ከሰርቨሩ ተነጥሎ ይቀመጣል ወይ፣ መልሶ እንደሚነበብስ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተሞከረ? ለእነዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት ያልቻለ የኮምፒውተር ክፍል ሰርቨሩን የሚያውቀው አይመስልም።

ጥያቄው የሕግም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር የሚገባውን ይመለከታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃውን የያዘው ተቋም ራሱ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል፣ ጤናን የሚመለከት መረጃንም ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። ይህ የመጨረሻው አዋጅ ነገሩን ይለውጠዋል፤ ከእንግዲህ የሚጠየቀው ሌባው ብቻ ሳይሆን በሩን ክፍት የተወውም ነው።

ጥርጣሬ ሲነሣ

እንግዳ ሰው እንደገባ የሚያስጠረጥር ምልክት ሲታይ፣ ለምሳሌ ማንም ባልሠራበት ሌሊት የተመዘገበ መግቢያ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ቁልፍ ሲገኝ፣ በመጀመሪያ የሚነቀለው የኔትወርኩ ገመድ ነው። ኃይሉ አይጠፋም፤ ሰርቨሩ በማስታወሻው የያዘው ማስረጃ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ሥራው ለዚህ በተዘጋጀ የወረቀት ካርድ ይቀጥላል። ማስረጃው ሳይነካ ለተቋሙ የበላይ አካልና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይነገራል። በሩት ሥልጣን የተያዘ ሰርቨር ተጠርጎ ጸዳ ተብሎ አይታመንም፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ እንደገና ይተከላል፣ መረጃው ከጥቃቱ በፊት ከተያዘ ቅጂ ይመለሳል፣ የቀድሞ ቁልፎች በሙሉ ይሻራሉ። ምስጢራቸው የወጣ ታካሚዎች ካሉም ነገሩን ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት በአካል ተጠርተው፣ በሚያውቁት ሐኪም ሊነገራቸው ይገባል።